«ያለ ኮድ» ሲባል ኮዱ የት ሄደ?

«ኮድ ሳትጽፉ የራሳችሁን መተግበሪያ ሥሩ!» የሚል ማስታወቂያ ሳታዩ አልቀራችሁም። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች «ኖ ኮድ» ይባላሉ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ስሙ ግን ያሳስታል፤ በዴቨሎፐር ዓይን ሲታይ ብዙ ጊዜ ኮዱ አልጠፋም፣ መልኩን ነው የቀየረው።

አፕ ኢንቬንተርን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጎግል አውጥቶት፣ በኋላ ወደ ኤምአይቲ የተዛወረ ነው። ባለቀለም ብሎኮችን እየጎተታችሁ ትገጣጥማላችሁ። አንዱ ብሎክ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» ይላል፤ ሌላው «ይህን 10 ጊዜ ድገም»። ታዲያ ይሄ ፕሮግራም መጻፍ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ትየባው ቀረ እንጂ ማሰቡ አልቀረም። ኤክሴል ላይ «ውጤቱ ከ50 በታች ከሆነ ወድቋል በል» የሚል ቀመር የሚያስገባ መምህርም፣ «እኔ ኮድ አልችልም» ቢልም፣ ኮድ እየጻፈ ነው።

ጎግል ፎርምስ ላይ ጥያቄና ምርጫ መደርደር ግን ሌላ ነው። እዚያ የምትሞሉት ቅጽ ነው፤ ለማሽኑ ያወጣችሁለት ሕግ የለም። «አዎ ያለውን ወደ ሦስተኛው ክፍል ውሰደው» ያላችሁ ጊዜ ግን ድንበሩን ተሻገራችሁ። ስለዚህ መለያው ጣት የሚሠራው ሥራ አይደለም። ማሽኑ የሚከተለውን ሕግ ያወጣው ማን ነው? የሚለው ነው።

«ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ያመጣል። ኮድ ነው ብለን ያላሰብነውን ነገር አንፈትሸውም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የኮቪድ-19 ምርመራ ውጤቶች ወደ ድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይገቡ ነበር። ይህ ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው መረጃ ተቆርጦ ቀረ፤ ወደ 16,000 የሚጠጉ በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች በወቅቱ ሪፖርት ሳይደረጉ ቀሩ፤ ከእነሱ ጋር ንክኪ ያላቸውን የመፈለጉ ሥራም ዘገየ። የሚያስደነግጠው፣ ለዚህ ጥፋት የተራቀቀ ፕሮግራም አላስፈለገም፤ ሁላችንም የምናውቀው ሠንጠረዥ በቂ ነበር።

ሌላው ችግር ጣሪያው ነው። የመረጣችሁት መሣሪያ የቀን መምረጫ 12 ወር ብቻ ቢያውቅ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ እንዴት ትመዘግባላችሁ? ሠሪው ያላሰበውን ብሎክ ጎትታችሁ አታመጡም። ያኔ ወይ ኮድ ትጽፋላችሁ ወይ የልጁን ልደት በፈረንጅ ቀን ትመዘግባላችሁ።

ይህ ሁሉ መሣሪያዎቹን ለማጣጣል አይደለም። ችግሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዴቨሎፐር ሳይጠብቅ መፍትሔውን ራሱ እንዲሞክር በር ከፍተዋል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቅር የሚያሰኘው «ምንም ማወቅ አያስፈልጋችሁም» የሚለው ቃል ኪዳን ነው። መሣሪያ ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ፦ ያወጣሁትን ሕግ መልሼ ማንበብና መፈተሽ እችላለሁ? ወሰኑ የት ላይ ነው? ኩባንያው ነገ ቢዘጋ ሥራዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ?