የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ትምህርትና የክረምቱ ወራት

የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ መርጦ የሚገባ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ይህ ሙያ የሚመዘነው በሐምሌና በነሐሴ ዶፍ መሆኑን ነው፤ ይህንንም የምለው በወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል ተዳፋቶች ላይ እርከን ስቀይስ ኖሬ፣ ዛሬ ለተግባር ልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች በምቀበልበት ዕድሜዬ ከሥራው ያገኘሁትን ለተተኪዎቼ ላስረክብ ስለምወድ ነው።

ለዚህ ትምህርት ከወሎ የተሻለ ጉባኤ ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የ1977ቱ ረኀብ ካወረደው መቅሠፍት በኋላ ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ የገበሬው ሕዝብ መከራውን በምን ብልሃት እንደተቋቋመው ያጠናው በዚሁ በአምባሰል ነው፤ ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊስ ሊቃውንትና በግብርና ሚኒስቴር ትብብር የተመሠረተው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያውን የከፈተው ከደሴ በስተደቡብ ከምትገኘው ማይባር ላይ ነበር። ሐንስ ሁርኒ የተባለው ሊቅ ከታረሰው የደጋ መሬታችን በየዓመቱ በሔክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ገምቷል፤ ቁጥሩን ተማሪው በቃሉ ይዞት ይመጣል፤ ትርጉሙ የሚገባው ግን በእኛው በሐይቅ ባሕር ጠርዝ ቆሞ፣ ባሕሩ መውጫ በር የሌለው ስለሆነ ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርድለት ደለል ሁሉ እንደገባ የሚቀር መሆኑን ሲያስተውል ነው።

በዚያው ባሕር ላይ፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በዛፍ ተከቦ ይታያል። በደርግ ዘመን በምግብ ለሥራ በየተራራው የተካበው እርከንና የተተከለው ችግኝ ግን፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በወሎ በብዙ ስፍራ ፈረሰ፤ ተጨፈጨፈም። የገዳሙን ዛፍ ሕዝቡ በግዝትና በአክብሮት የራሱ ሥርዓት አድርጎ ሲጠብቀው፣ የተራራውን ዛፍ የመንግሥት ንብረት አድርጎ ቆጥሮት ነበርና፣ የዘበኛው ኃይል በላላ ጊዜ የሚያዝንለት ሰው አልተገኘም። ይህን ታሪክ የማያውቅ የተፈጥሮ ሀብት ምሩቅ፣ የቅየሳ ስሌቱን ምንም ያህል ቢያውቅ፣ ለእኔ ገና ጀማሪ ነው።

ስለ ቅየሳው ጥቂት ላስረዳ። ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት እንጨቶች መካከል ዐሥር ሜትር ሲባጎ ይወጠራል፤ በሲባጎውም እኩሌታ ላይ ትንሿ ውሃ ልክ ትንጠለጠላለች፤ አረፋዋ መካከል ላይ በቆመች ጊዜ ሁለቱ እግሮች በአንድ ከፍታ ላይ አርፈዋልና ችካል ይመታል። ተማሪው ይህን በአንድ ጧት ይለምደዋል። አረፋዋ ትንሽ ብታዘነብል ግን ውሃው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይጠራቀማል፤ ካቡን ዘልሎ አንዴ ከሸረፈው በኋላ ታች ያለውን እርከን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን እየሰበረ ወርዶ ቦረቦር ያበጃል፤ በዚህም ጊዜ በስሕተት የተሠራ እርከን ጨርሶ ካልተሠራው የከፋ ጥፋት ያመጣል።

አንድ አዛውንት የአምባሰል ገበሬ በማሳቸው የተካበውን እርከን መካከል ላይ ንደው፣ በሬ የሚዞርበት ቦታ ስላሳጣቸውና የድንጋዩ ካብ የአይጥ መሸሸጊያ ስለሆነባቸው ማፍረሳቸውን በነገሩኝ ጊዜ፣ ጎርፉስ እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በጥር መጥተህ ከምትጠይቀኝ በሐምሌ መጥተህ ብታይ ይሻልህ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተፋሰስ ሥራው ዘመቻ የሚካሄደው አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ከጥር ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ እንደ ልማዳቸው ክረምት ሲገባ ይዘጋሉ። በዚህ ምክንያት አፈር መሸርሸርን ሲማር የኖረ ወጣት አፈሩ በዓይኑ ፊት ሲሄድ ሳያይ ይመረቃል፤ እርከን ሲካብ ያያል፤ እርከን ሲሰበር ግን አያይም፤ ስለዚህም የሙያው ትልቁ ክፍል፣ ማለት ጥገናው፣ ሳይነገረው ይቀራል። ገበሬው ስለ አይጡና ስለ በሬው መዞሪያ ያቀረበው ክርክርም ለእርሱ እንግዳ ይሆንበታል፤ እርከኑን በየዓመቱ የሚጠግነው ግን ይኸው ገበሬ ነው።

ስለዚህ ይህን ትምህርት የምትመሩ መምህራን ሆይ፣ ከመመረቂያው በፊት ቢያንስ አንዱን ሐምሌ ለመስክ ትምህርት መድቡልን፤ ተማሪዎቹን ካፖርታቸውንና ቦቲያቸውን አስይዛችሁ ወደ እኛ ላኩልን፤ ማደሪያቸውን የቀበሌው ሕዝብ አይነፍጋቸውም።