ዶፍን በጠብታ መቁጠር

ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች ስፋታቸው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ያውም ከልቡ ጋር እየዘለሉ። በግድግዳቸው ላይ ካልሲየም የተጋገረ እንደሆነ ደግሞ በሲቲ ስካን ምስል ላይ ነጭነቱ ከእውነተኛ መጠኑ አልፎ ይንሰራፋል። በግማሽ የጠበበው ደም ሥር ሊደፈን ጥቂት የቀረው ይመስላል፤ ሰውየውም ሳያስፈልገው ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ ወደሚገባበት ምርመራ ይላካል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 እ.ኤ.አ. የፈቀደው የሲመንስ ሄልዝኢነርስ ማሽን፣ ኔኦቶም አልፋ፣ ይህን ችግር ከሥሩ ይነካዋል። ማሽኑ ግዙፍ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በውስጡ የተደበቀው፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የካድሚየም ቴሉራይድ ክሪስታል ነው።

የተለመዱት ሲቲዎች የራጅ ጨረርን በቀጥታ አያነቡትም። ጨረሩ መጀመሪያ ሴራሚክ ላይ ያርፋል፣ ሴራሚኩ ያበራል፣ ከሥሩ ያለው ፎቶዳዮድ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ብርሃን ወደ ጎን ስለሚፈስ በፒክስሎቹ መካከል አንጸባራቂ ግድግዳ ማቆም ግድ ነው። ግድግዳው ላይ ያረፈ ጨረር በታማሚው ገላ ውስጥ አልፎ ከመጣ በኋላ ያለ ጥቅም ይባክናል። ፒክስሉን ባሳነሱት ቁጥር የግድግዳው ድርሻ ይበዛል፤ ወደ ጥራት የሚወስደው መንገድም እዚያ ላይ ይጠባል።

በአዲሱ ክሪስታል ውስጥ ብርሃንም ግድግዳም የለም። አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የጨረሩ ቅንጣት፣ ሲመታው ኤሌክትሮኖችን እዚያው ያፈናቅላል፤ 60 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው አንዱ ብቻ ከ13 ሺህ በላይ። በክሪስታሉ ላይኛውና ታችኛው ፊት መካከል የተዘረጋው ወደ 1,000 ቮልት የሚጠጋ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖቹን ብዙ ሳይበታተኑ ቁልቁል ይስባቸዋል። ፒክስልን ከፒክስል የሚለየው ይህ ቮልቴጅ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ከታች ያለው ሰርኪዩት የእያንዳንዱን ምት ከፍታ ይለካል፤ ከ20 ወይም ከ25 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች የሆነውን የራሱን የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ ብሎ ይጥለዋል፣ የተረፈውን ይቆጥራል። በድሮው አሠራር ብርቱው ፎቶን ብዙ ብርሃን ስለሚረጭ ድምፁ ይጎላ ነበር፤ እዚህ ደካማውም እኩል አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የደም ሥርን ከአካባቢው አጉልቶ የሚለየውን ወሬ ይዞ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው ደካማው ነው።

የሥራው ከባድ ክፍል ገና ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ካፊያ ሲወርድ ጠብታዎቹ አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ ዶፍ ሲመጣ ሁሉም አንድ ጩኸት ይሆናል። ይህ ክሪስታል በአንዲት ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ በሰከንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ፎቶኖች በሚወርዱበት ዶፍ ውስጥ እያንዳንዷን ጠብታ ለይቶ መስማት አለበት። አንዱ መላ ፒክስሉን ማሳነስ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳልና። ነገር ግን ፒክስሉ ከልክ በላይ ሲያንስ የኤሌክትሮኖቹ ደመና በሁለት ፒክስሎች ድንበር ላይ ይወድቃል፣ አንዱ ብርቱ ፎቶንም ሁለት ደካሞች ተብሎ ይመዘገባል። የተመቱት የካድሚየምና የቴሉሪየም አቶሞችም የራሳቸውን ራጅ ወደ ጎረቤት ይረጫሉ። ትልቁ ያደራርባል፣ ትንሹ ይሰነጥቃል። መሐንዲሶቹ የቆሙት በሚሊ ሜትር ሲሶ አካባቢ ነው። ሁለቱንም ጉዳት ለክተው፣ ሁለቱንም በመጠኑ ተሸክመው የመረጡት መጠን ስለሆነ ከሁሉ ይበልጥ የማከብረው ይህን ውሳኔ ነው።

ክሪስታሉን የሚያሳድገው በጃፓን ኦኪናዋ ያለው አክሮራድ የተባለ ኩባንያ ነው። ጠባብ የሙቀት ቀጠና በቁሱ ላይ በዝግታ ይጓዛል፤ ከኋላው ክሪስታሉ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር እያለ ያድጋል። ለመቸኮል ቦታ የለም። በውስጡ የቀረች የቴሉሪየም ጠብታ ኤሌክትሮኖችን ትይዛለች፣ ቆጠራው ይዛባል። ክሪስታሉን የያዘው ዲቴክተር በሰውየው ዙሪያ ስለሚሽከረከርም የአንድ ፒክስል ስህተት በምስሉ ላይ ቀለበት ሆኖ ይሳላል። ጉድለቱን መሸሸጊያ የለውም።

ውጤቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ስስነት ያላቸው ምስሎች ናቸው። የካልሲየሙ ነጭነት ወደ ልኩ ይጠጋል፤ የጠበበን ደም ሥር ከፍቶ ለመያዝ የሚገባው ስቴንት ቀጫጭን ሽቦዎችና በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ይለያሉ።

ከስቶክሆልሙ ኬቲኤች ዩኒቨርሲቲ የወጡ ተመራማሪዎች ለዚሁ ጥያቄ ሌላ መልስ አላቸው፤ ሲሊኮን። ሲሊኮን ቀላል አቶም ስለሆነ ራጅ በቀላሉ ያልፈዋል፤ እነሱም ስሱን ዝርግ በጠርዙ አቁመው ጨረሩ በውስጡ ብዙ ሚሊ ሜትር እንዲጓዝ አደረጉት። ቆንጆ መላ ነው። ሆኖም በሲሊኮን ውስጥ ብዙ ፎቶኖች ሙሉ ጉልበታቸውን ሳያራግፉ ይበተናሉ፤ ያን የሚያካክስ ስሌት ያስፈልጋል። ሲሊኮኑን የቺፕ ኢንዱስትሪ ለአሥርተ ዓመታት ሲያጠራው ኖሯል፤ ካድሚየም ቴሉራይድ ግን ያን ያህል ብዙ እጅ አልደረሰውም። የእኔ አድናቆት ወደ ኦኪናዋው ክሪስታል የሚያደላው ለዚህ ነው።