ከሸማኔው ጀርባ ያለችው ፈታይ

ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ጌርሃርት ሀውፕትማን «ሸማኔዎቹ» የተሰኘውን ሥራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1892 ነበር። መነሻው በ1844 በሲሌዥያ የተቀጣጠለው የሸማኔዎች ዓመፅ ሲሆን፣ የደራሲው አያትም በወጣትነታቸው ድሃ ሸማኔ ነበሩ። የበርሊን ፖሊስ ለሕዝብ እንዳይታይ ስለከለከለው በ1893 መጀመሪያ የታየው ለአባላት ብቻ በሚያሳይ የቴአትር ማኅበር ነው። ማሽን ሥራውን ለሚነጥቀው ሰው መንግሥት መሠረታዊ ገቢ ይቁረጥለት ወይስ አይቁረጥለት የሚለው ክርክር ዓለምን በያዘበት በዚህ ዘመን፣ ተውኔቱን በጋሞ ሸማኔ ዓይን ማንበብ ይጠቅማል።

ተውኔቱ አንድ ጀግና የለውም፤ ባለታሪኩ የተራበው ሕዝብ ነው። በመጀመሪያው ገቢር ሸማኔዎቹ ጨርቃቸውን ለነጋዴው ድራይሲገር ያስረክባሉ፤ ጸሐፊው እንከን እየፈለገ ዋጋ ይቀንስባቸዋል። በአራተኛው የነጋዴውን ቤት ያወድሙና የማሽን መሸመኛ ወዳለበት ጎረቤት መንደር ያመራሉ። ሽማግሌው ሂልዘ ግን አልነሳም ብሎ መሸመኛው ላይ ተቀምጦ ሳለ የባከነች ጥይት ትገድለዋለች። ደራሲው የተራቡትን ቅዱሳን አላደረጋቸውም፤ ይሰክራሉ፣ ይዘርፋሉ። የሥራው ጥንካሬ ይህ እውነተኛነቱ ነው።

ጉድለቱ ያለው ከሴቶቹ ላይ ነው። የሂልዘ ምራት ሉይዘ ከወንዶቹ ይልቅ ትቆጣለች፤ ነገር ግን የምትናገረው ልጆቿን እንደቀበረች እናት እንጂ እንደ ባለሙያ አይደለም። የእጅ ፈትልን ማሽን ከእጅ ሽመና አስቀድሞ እንደነጠቀው ተውኔቱ አይነግረንም።

ይህ ጉድለት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ በጨንቻና በዶርዜ፣ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች። ከዚያ የወጡ ሸማኔዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ ሽሮ ሜዳንና ጉለሌን ሞልተዋል። ማሽኑ ግን በመጀመሪያ የደረሰው ከመወርወሪያው ሳይሆን ከእንዝርቱ ዘንድ ነው። ድሩ ወደ ፋብሪካ ክር ዞረ፤ አርባ ምንጭ ራሷም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተከለባት። ለሸማኔው ይህ እፎይታ ነበር፤ ክሩ ወጥ ነው፣ አይበጠስም፣ ሥራው ይፈጥናል። ለፈታይዋ ግን ግማሽ ሙያዋ ሄደ። ስለ እንዝርት ሰልፍ የወጣ የለም። የእሪታው ድምፅ የተሰማው ጥለቱን አስመስለው በማሽን የሚያመርቱ የውጭ ጨርቆች ገበያ ገብተው የሸማኔውን እንጀራ ሲነኩ ነው።

መሠረታዊ ገቢ ማለት ሥራህ ምንድን ነው ሳይባል ለእያንዳንዱ ሰው በየጊዜው የሚከፈል ገንዘብ ነው። የእኛው ሴፍቲኔት፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር የተዘረጋው፣ ከዚህ ይለያል፤ ጉልበት ያለው እርከንና መንገድ ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ያለ ሥራ የሚረዳው አቅመ ደካማው ነው። «ሳይሠሩ መብላት ስንፍና ያመጣል» የሚለው ፍርሃት ሥር የሰደደ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በኬንያ መንደሮች በተደረገው ትልቅ ሙከራ ግን ሰዎቹ ሥራ አልፈቱም፤ ከቅጥር ወደ ራሳቸው ንግድ የዞሩት በርካታ ናቸው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው ግን እንደ እኛ ላለ አገር ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ተውኔቱ ለዚህ ክርክር ሁለት ነገር ያዋጣል። አንደኛ፣ ለነገ የሚበላው ያለው ሸማኔ በድራይሲገር ዋጋ አልሸጥም ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ሂልዘ መሸመኛውን ያልለቀቀው ለገንዘብ ብቻ ስላልሆነ ገንዘብ ብቻውን አይተካውም። ሙያ ክብር ነው ስንል ግን በአገራችን ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ እንደነበር፣ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል እንደደረሱ አንርሳ። ሙያውን ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ ማሽን ሲመጣ ብቻ ስለ ክብሩ ቢያለቅስ የሚያምነው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ገቢ ይቆረጥ ከተባለ በማን እጅ እንደሚቆጠር ከወዲሁ ይነገር። በአባወራው ስም ተመዝግቦ ለቤቱ የሚሰጥ ከሆነ ፈታይዋ አሁንም የለችም። በተውኔቱ መጨረሻ ዓይነ ስውሯና ጆሮዋ የደነዘዘው የሂልዘ ሚስት ባሏ መሞቱን ሳታውቅ አንድ ቃል እንዲመልስላት ትጠይቀዋለች። መጋረጃው የሚዘጋው መልስ ሳታገኝ ነው።