ናታን የጻፈው ዳዊት

አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 29 ማብቂያ ላይ ብዙዎቻችን በጥድፊያ የምናልፈው ማስታወሻ አለ። የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ ሙሉውን የሚፈልግ ሰው በባለ ራእዩ በሳሙኤል፣ በነቢዩ በናታንና በባለ ራእዩ በጋድ ተጽፎ እንደሚያገኘው ይናገራል። እስቲ ስሞቹ ላይ ቆም በሉ። ሳሙኤል ዳዊትን ቀብቶታል። ናታን ግን በቤርሳቤህ ነገር ፊት ለፊት የገሠጸው ሰው ነው። ጋድም ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ ከሦስት ቅጣት አንዱን እንዲመርጥ የነገረው ነው።

ዳዊት ታሪክ ጸሐፊ ቸግሮት አልነበረም፤ የአሒሉድ ልጅ ኢዮሣፍጥ በዚሁ ሥራ ተሹሞ ነበር። በእኛም አገር የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚጻፈው በቤተ መንግሥት ሰዎች ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ነበሩ። አንባቢው ወደ ወቃሹ ነቢይ ጽሑፍ ሲመራ ግን ነገሩ ይለያል።

የናታን መጽሐፍ ለብቻው አልደረሰንም። የዚያ ዓይነቱን አጻጻፍ ለማየት ግን ሁለተኛ ሳሙኤል 11ን «ላከ» የሚለውን ግስ እየተከተላችሁ አንብቡ። ዳዊት ኢዮአብን ወደ ጦርነት ይልካል፤ ስለ ሴቲቱ ለመጠየቅ ይልካል፤ ሊያስመጣት ይልካል፤ የኦርዮን የሞት ደብዳቤ በራሱ በኦርዮ እጅ ይልካል። ተራኪው በዚህ ሁሉ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ምዕራፍ 12 ሲከፈት ላኪው ይለወጣል፤ አሁን የሚልከው እግዚአብሔር ነው፣ የሚላከውም ናታን። ደግሞም ቤርሳቤህ ዳዊትን ካገባች በኋላ እንኳ ጸሐፊው የኦርዮ ሚስት ይላታል (12፥15)። በእኔ ግምት በምዕራፉ ውስጥ ከዚህ የከበደ ወቀሳ የለም።

የዜና መዋዕል ጸሐፊ ይህን ሁሉ ዘሎታል። ምዕራፍ 20 ላይ ዳዊት በኢየሩሳሌም ቀረ ይለንና ወደ ረባት መያዝ ይሻገራል። ይህ ለዓመታት ቅር ይለኝ ነበር፤ ዛሬም ምርጫውን ሙሉ በሙሉ አልወድለትም። ነገር ግን ኃጢአት ለመሸሸግ የተነሣ ሰው የሕዝብ ቈጠራውን በደል በምዕራፍ 21 በሰፊው አይጽፍም፤ አንባቢውንም ወደ ናታን አይመራም።

ይህን የምለው አፍሬ ነው። የወጣቶች ኅብረታችንን ታሪክ ለኢዮቤልዩ መጽሔት ስጽፍ፣ ለሁለት የተከፈልንበትን ጊዜ በግማሽ መስመር አለፍሁት። ያኔ ከመካከላችን የወጣች እህት አንብባው «እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም» አለችኝ። ወደ ሌላ ጽሑፍም አልመራኋትም፤ ሌላ ጽሑፍ አልነበረምና።

የነገሥት መጻሕፍትም ምን እንደሚያስረዝሙ ተመልከቱ። የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ያስቀረጸው ድንጋይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 በቀርቀር ጦርነት አክዓብ 2,000 ሰረገላና 10,000 እግረኛ እንዳሰለፈ ይመዘግባል። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚያ ጦርነት ምንም አይልም። የአክዓብን ቤት የመሠረተው፣ ሰማርያን የቈረቈረው አባቱ ዘንበሪም በአንደኛ ነገሥት 16 ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ደርሰውታል፤ አሦራውያን ግን እስራኤልን በእርሱ ስም ይጠሩ ነበር። ለናቡቴና ለአንዲት የወይን ቦታ ግን ምዕራፍ 21 እንዳለ ተሰጥቷል።

በሚቀጥለው ጥናታችሁ ሁለተኛ ሳሙኤል 11ንና አንደኛ ዜና መዋዕል 20ን ጎን ለጎን አንብቡ። ከእናንተ አንዱ ለዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ጠበቃ ሆኖ ይቁም፤ እኔ ያላየሁትን ሊያይለት ይችላል።