የኪነርዱ ባላባት ሁለት መቃብሮች

ስለ ጀምስ ብሩስ የተጻፈውን ሒስ በብዛት ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊዎቹ በሌላው ነገር ሁሉ ቢለያዩ ሰውየውን በችሎት ፊት እንደ ቆመ ምስክር አድርገው በመመርመር አንድ መሆናቸውን ሳያስተውል አይቀርም። የዓባይን ምንጭ ቀድሞ ያየው እርሱ ነው ወይስ ኢየሱሳዊው ካህን ጴድሮ ፓኤዝ? በቁሙ ካለ ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ነበረኝ የሚለው ቅርበትስ ምን ያህል ተጋንኗል? የኢየሱሳዊውን የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን በለንደን ከተጠራጠረው ጊዜ አንሥቶ ክርክሩ በዚሁ መስመር ሲሄድ ኖሯል፤ ፍርዱም ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ብሩስ ደፋር፣ ተመራማሪ፣ ግን ትዕቢተኛ። እኔ ይህን ፍርድ ሐሰት ነው ብዬ አልነሣም። ጎደሎ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በ1790 በአምስት ትላልቅ ጥራዞች የወጣው መጽሐፍ ሁለት ሚስቶቹን የቀበረና በመካከሉም እጮኛውን ያጣ ሰው ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ትዳሩና ቤተ ሰቡ በዜና ሕይወቱ ጸሐፊዎች እጅ እንደ ትውልድ ሐረግ ማስታወሻ በጥቂት መስመር እየታለፈ፣ መጽሐፉ የመጣበት ኀዘን ከመጽሐፉ ተለይቶ ቀርቷል።

ኪነርድ በስኮትላንድ በስተርሊንግ አውራጃ ያለ ርስት ነው። ብሩስ የዚህ ርስት ወራሽ ሆኖ በ1730 ተወለደ፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። በብሩስነቱ፣ ማለትም ከጥንቱ ከስኮትላንድ የነገሥታት ዘር ጋር በሚያገናኘው ስሙ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲኰራ ኖሯል። ነገር ግን ይህ ስም ወደ እርሱ የወረደው በሴት በኩል ነው። የወንድ አያቱ ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር፤ የኪነርድን ወራሽ ሄለን ብሩስን ሲያገባ የራሱን ስም ትቶ የሚስቱን ስምና የዘር ምልክት እንዲይዝ በጋብቻው ውል ስለ ተገደደ ቤቱ ብሩስ እንደ ተባለ ቀረ። እናቱ ማሪዮን ግሬሃም ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት፤ አባቱም ሌላ አግብቶ ብዙ ልጆች ወለደ፤ ልጁ ደግሞ ገና በስምንት ዓመቱ ለትምህርት ወደ ለንደን ተላከ። ርስትና ስም ነበረው፤ የእናት ቤት ግን አልነበረውም፤ ቤት የሆነችለት የመጀመሪያዪቱ ሰው አድሪያና አለን ናት።

አድሪያና ትውልዷ ከስኮትላንድ የሆነ የለንደን ወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ሞቶ እናቷ ንግዱን ይዛ ትኖር ነበር። ወደ ህንድ ሄጄ እነግዳለሁ ብሎ ለንደን የወረደው ወጣት ከእርሷ ጋር በተዋወቀ ጊዜ የህንድን ሐሳብ ጣለው፤ በፌብሩዋሪ 1754 አግብቷት የወይን ጠጁ ንግድ ተካፋይ ሆነ። ሙሽራዪቱ ግን በሳንባ ነቀርሳ ትማቅቅ ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ አየሩ ይስማማት ይሆናል በሚል ተስፋ ይዟት ተነሣ፤ ከፓሪስ ሳያልፉም፣ በተጋቡ በዘጠኝ ወር ገደማ፣ በዚያው ዓመት በመጸው ዐረፈች።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ምድር የፕሮቴስታንት ሬሳ ከካቶሊካውያን ጋር አይቀበርም ነበር፤ የካቶሊክ ካህናትም በጣር ላይ ያለችው ሴት ሃይማኖቷን እንድትለውጥ ደጁን አልለቅ ብለው አስጨነቋቸው። ባሏ በእንግሊዝ አምባሳደር ርዳታ የመቃብር ስፍራ አግኝቶ፣ የከተማው ሕዝብ እንዳያይ በእኩለ ሌሊት ቀበራት። ለቀስተኛ የለም፤ ሠልስት የለም፤ የሚያጽናና ዘመድ የለም። ከመቃብሩም ወደ ማደሪያው አልተመለሰም፤ በዚያችው ሌሊት፣ በነፋስና በዝናብ ውስጥ፣ ፈረሱን ጭኖ ወደ ቡሎኝ ወደብ ጋለበ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበረ።

ይህች ሌሊት በብሩስ ዜና ሕይወት ውስጥ እንደ አንድ አሳዛኝ ክሥተት ተተርካ የምታልፍ ናት። እኔ ግን ሁለት ነገር ከእርሷ እንደ ወጣ አያለሁ። አንደኛው ጉዞው ራሱ ነው። አድሪያና ያስገባችው ንግድ ነበረና በ1757 ወደ ፖርቱጋልና ወደ ስፔን የወሰደው፣ በዚያም የዐረብ መጻሕፍትን ዐይቶ ዐረብኛ የመማር ፍላጎት ያደረበት፤ ሚስቱን ባጣባቸው በእነዚያ ዓመታት ነበር የሉዶልፍን ሥራ ይዞ ከግእዝ ጋር የተዋወቀው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከዚያ መቃብር ይጀምራል ማለት ለእኔ ማጋነን አይደለም።

ሁለተኛው ከዚህ የሚከብድ ነው። ብሩስ ፓኤዝ በ1618 በዓባይ ምንጭ በግሽ ላይ ቆሞ ያየውን ምስክርነት መካዱ ከስሕተቶቹ ሁሉ የታወቀው ሲሆን፣ ሐያስያን ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ለመታየት ካለው ጉጉት የመጣ ነው ይሉታል። ክፍሉን ግን ቀረብ ብሎ ለሚያነበው ሰው ሌላ ድምፅ ይሰማዋል። ክብር የሚሻ ሰው ተፎካካሪውን ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል፤ ብሩስ ግን ከዚያ አልፎ፣ ኢየሱሳውያን የሚናገሩት ሁሉ ገና ከመነሻው የተበላሸ እንደ ሆነ፣ በካህን አፍ የወጣ ነገር ስለ ወንዝ እንኳ ቢሆን ሊታመን የማይገባው እንደ ሆነ አድርጎ ይከራከራል፤ ስሕተት እየለቀመ በቁጣ ላይ ቁጣ ይጨምራል። የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሁሉ ያን ጊዜ ካቶሊክን ይጠላ ነበር የሚለኝ ይኖራል፤ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሕፃንነት የተማሩት ጥላቻ ብርድ ነው፤ ይህኛው ይፋጃል። በሚስቱ የሞት አልጋ ዙሪያ የቆሙትን ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በብዕሩ ያባርራቸዋል፤ ፓኤዝም በሌላ ሰው በደል ተቀጣ። ይህ የፓኤዝን እውነት አይነካውም፤ ግሽን ከብሩስ አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ቀድሞ አይቶታል። ስሕተቱ ትዕቢት ብቻ ነው ማለት ግን የሰውየውን ልብ አለማንበብ ነው።

የእጮኛውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ከስኮትላንድ ከመነሣቱ በፊት ከማርጋሬት መሪ ጋር ቃል ተገባብተው ነበር፤ እርሱ ለዓመታት ድምፁ ሲጠፋ ሞቷል ተብሎ፣ አኮራምቦኒ የሚባል የሮም መኰንን አገባች። ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሮም ድረስ ሄዶ ሰውየውን በሰይፍ ለመግጠም በሚያበቃ ንግግር ማብራሪያ ጠየቀው፤ መኰንኑም የቀደመውን ቃል ኪዳን አላውቅም ነበር ብሎ ጻፈለት፤ ነገሩም በዚህ አበቃ። ብሩስን በዚህ ላመሰግነው አልችልም፤ የሞተ መስሎ የጠፋ ሰው በሕያዋን ላይ ክስ የለውም።

ወደ ግሽ ልመለስ። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ብሩስ ከሰከላ ኮረብታ ቍልቍል ወርዶ ከምንጩ አጠገብ ቆመ፤ በእጁ ከዐረብ አገር ያመጣው ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ትልቅ ጽዋ ነበረ፤ ከዓባይ ራስ ውኃ ሞላበትና ግሪካዊ ባልደረባውን ስትራቴስን አብሮት እንዲጠጣ ጠራው። ሐያስያን በዚህ ትዕይንት ላይ የሚያዩት የድል አድራጊን ፉከራ ነው፤ መጀመሪያ የጠጣው ለንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳይ ነውና። ከንጉሡ ቀጥሎ ግን ማንም ያልጠበቀውን ስም ጠራ፤ ከቀደመው ትሑት የሆነ፣ ቢሆንም ቅዱስ የሆነ ስም ነው በማለት ለማርያ ጠጣ። ግሪካዊው ግራ ገብቶት እመቤታችን ድንግል ማርያም ናትን ብሎ ቢጠይቅ፣ ብሩስ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሳለፈው።

ማርያ ማን ናት? የዜና ሕይወቱ ጸሐፊዎች በግምት ወደ ማርጋሬት መሪ ያዘነብላሉ፤ በ1770 እጮኛው እርሷ ነበረችና። እኔ ግን የቅኔ ትምህርት ያለው አንባቢ ወዲያው የሚያስተውለውን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ይህ ስም ኅብር ነው። በጽሑፉ ውስጥ ላለው ለስትራቴስ እመቤታችን ናት፤ በግሽ ላይ ለቆመው ለአርባ ዓመቱ ተጓዥ በአገር ቤት የቀረች እጮኛ ልትሆን ትችላለች፤ ብዕር ይዞ በኪነርድ ለተቀመጠው ለሃምሳ ዓመቱ ጸሐፊ ግን በ1785 የሞተችው ሚስቱ ሜሪ ዱንዳስ ናት፤ ሜሪ ማለት ማርያ ነውና። ትዕይንቱ የሆነው በ1770 ነው፤ የተጻፈው ሜሪ ከሞተች በኋላ ነው። ጸሐፊው የማርጋሬትን ስም ሊጽፍ ሲችል አልጻፈም፤ የሟች ሚስቱ ስም በሚነበብበት መልክ ጻፈ፤ ባልደረባውም ስለ ማንነቷ ሲጠይቀው መልሱን በእመቤታችን ስም ጋረደው። በአምስቱ ጥራዞች ውስጥ ከዚህች አንዲት ቃል የሚበልጥ የጥበብ ሥራ አላገኘሁም፤ ብሩስን ጥበብ የሌለው ተራኪ የሚሉትም ይህችን ገጽ ደግመው እንዲያነቧት እለምናለሁ።

ሜሪ ዱንዳስ የካሮንሆሉ የቶማስ ዱንዳስ ልጅ ነበረች፤ እናቷም የሎደርዴል መስፍን ልጅ ናት። ብሩስ በሜይ 1776 ሲያገባት ከእርሱ ከሃያ ዓመት በላይ ታንስ ነበር። ለንደን የናቀችው፣ ወሬውን ለመሳለቂያ ያደረገችው ሰው ከዚህ በኋላ ፊቱን ወደ ኪነርድ መልሶ፣ ከርስቱ በታች ያለውን የድንጋይ ከሰል ለካሮን የብረት ፋብሪካ እያከራየ፣ ልጆች እየወለደ ኖረ፤ ስለ ኢትዮጵያ የያዘውን ማስታወሻ ግን ለሕትመት አላበቃም። ሐያስያን ይህን ዝምታ ኩርፊያ ይሉታል። ኩርፊያም ይኑርበት፤ ነገር ግን እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት በሕይወቱ ሙሉ ቤት የነበረባቸው ብቸኛ ዓመታት እንደ ሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቤት ያለው ሰው መጽሐፍ ሳይጽፍ ሊኖር ይችላል። ሜሪ ከረጅም ሕመም በኋላ በሞተች ጊዜ ግን ወዳጆቹ እንዲጽፍ ጐተጐቱት፤ እርሱም ተቀምጦ ያን ግዙፍ ሥራ ፈጸመ። ለእርሷም በላርበርት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ያው ከሰሉን የሚገዛው ፋብሪካ የሠራውን ከፍ ያለ የብረት ሐውልት አቆመላት። የመጀመሪያዪቱን ሚስቱን በጨለማ ሸሽጎ የቀበረ ሰው፣ ሁለተኛዪቱን ሁሉ በሚያየው ብረት ቀበረ።

ይህን ካወቅን በኋላ የጎንደር ሴቶች በመጽሐፉ ውስጥ ለምን እንዲህ ሕያዋን እንደ ሆኑ እንረዳለን። ብሩስ ስለ ጦርነት ሲጽፍ ቃሉ ይበዛል፤ ባሏ የሞተባትን ሴት ሲያይ ግን ብዕሩ ይረጋል። በቍስቋም የፈንጣጣ በሽተኞችን በሚያክምበት ወራት ያወቃት ወይዘሮ አስቴር፣ በ1769 የተገደለውን ባሏን ማርያም ባርያን ደም ልትመልስ ራስ ሚካኤልን ያገባች ሴት ሆና ስትቀርብ፣ ስለ ውበቷ የሚናገረው እንኳ በኀዘኗ ውስጥ ያልፋል። እቴጌ ምንትዋብም ስለ ምኞቷ የተናገረችውን ከመጽሐፉ ሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ አንተ ከኢየሩሳሌም መጥተህ ረግረግና ውኃ ለማየት ትደክማለህ፣ እኔ የነገሥታት እናት የሆንኩት ደግሞ በቅዱስ መቃብር ደጅ ለምኜ እየኖርኩ በመጨረሻ በዚያ በር ፊት ብቀበር ይበቃኝ ነበር አለችው በሚል ፍሬ ነገር ጽፎታል። ትዕቢተኛ ጸሐፊ የሕይወቱን ሥራ ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ ይህን የመሰለ ንግግር በመጽሐፉ አያስቀምጥም። ብሩስ አስቀመጠው፤ ስለ መቃብር የምትናገር መበለት ስትናገር መስማት ያውቅ ነበርና።

ነገር ግን ልመዝን ስለ ተነሣሁ መዝኜ ላበቃ ይገባኛል፤ በሚዛኑ ሌላ ወገን ያለው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ይህ የቦሎኛ ሠዓሊ ከ1765 ጀምሮ አገልግሎታል፤ እጹንና ፍርስራሹን ሥሎለታል፤ ወደ ግሽም አብሮት ሄዷል፤ ከዚያ ከተመለሱ በኋላ በ1771 በጎንደር ሞቷል። ብሩስ ግን ይህን ሞት ወደ ኋላ ስቦ ከጉዞው በፊት እንደ ሆነ አድርጎ ጻፈው፤ በምንጩ አጠገብ ከግሪካዊው ከስትራቴስ በቀር አውሮፓዊ እርሱ ብቻ ሆኖ ይታይ ዘንድ። ለሚስቱ የብረት ሐውልት ያቆመ፣ ለማርያ በዓባይ ውኃ የጠጣ ሰው፣ አብሮት የደከመውን ጓደኛውን ሞቱን እንኳ ነፈገው። ለዚህ ኀዘንም ሆነ የቤተ ሰብ ታሪክ ማመካኛ ሊሆን አይችልም፤ እኔም አላቀርብለትም። የባሉጋኒን እውነት በ1805 በወጣው ሁለተኛ እትም የገለጠው የእረኛ ልጅ የነበረው ሊቅ አሌክሳንደር መሪ ነው፤ ያንም ያደረገው በራሱ በብሩስ ልጅ ፈቃድ በኪነርድ በተቀመጡት ወረቀቶች ላይ ሠርቶ ነው። አባትየው የሰወረውን የልጁ ቤት ገለጠው።

ብሩስ በኤፕሪል 1794 አንድ ምሽት፣ በቤቱ የተጋበዘችን አንዲት ሽማግሌ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኛት ከደረጃ ሲወርድ እግሩ አድጦት ወደቀ፤ በማግስቱ ሞተ፤ በላርበርትም ከሜሪ ጋር በብረቱ ሐውልት ሥር ተቀበረ። ልጁ ጀምስ በ1810 ሲሞት ርስቱ ለልጅ ልጁ ለሜሪ ኤልዝቤት ደረሳት፤ ቻርልስ ከሚንግ የሚባል ሰው አግብቷት፣ ዴቪድ ሄይ እንዳደረገው ሁሉ ብሩስ የሚለውን ስም በስሙ ላይ ጨመረ። የእነርሱም ልጅ ኤልዝቤት በ1841 የኤልጅንን መስፍን ጀምስ ብሩስን አገባች፤ በ1843 በጃማይካ ሞተች፤ የኪነርዱ ተጓዥ ወረቀቶችም በኤልጅን ቤት ተጠብቀው ኖሩ።