ራዲዮው ካምቢዮውን እንዲያዝዝ ማን ፈቀደለት?

እ.ኤ.አ. በ2015 ቻርሊ ሚለር እና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ አውራ ጎዳና ላይ የሚሄድ ጂፕ ቼሮኪ በኢንተርኔት በኩል ተቆጣጠሩ። መጀመሪያ ማቀዝቀዣው በራሱ ተነሳ፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ የዝናብ መጥረጊያው መሥራት ጀመረ። ከዚያ ካምቢዮውን ከሥራ ውጪ አደረጉት። ሾፌሩ ነዳጅ ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናው ፍጥነቱን እያጣ ሄደ። ሾፌሩ ስለ ሙከራው አስቀድሞ የሚያውቅ ጋዜጠኛ ነበር፤ ያም ሆኖ ደንግጧል።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው «ሃከሮቹ እንዴት ጎበዞች ናቸው!» እየተባለ ነው። ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ራዲዮው ካምቢዮ ጋ የሚያደርስ መንገድ ለምን ኖረው? በመካከላቸው የነበረው አንድ ቺፕ ነው። የቺፑ ሶፍትዌር ደግሞ ያለ ምንም የፊርማ ማረጋገጫ ከራዲዮው በኩል ሊቀየር ይችል ነበር። ይህ በመጨረሻ ሰዓት የተፈጠረ የኮድ ስህተት ብቻ አይደለም። መኪናው ገና ወረቀት ላይ ሳለ ማንም ሳይጠይቅ ያለፈው ውሳኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመኪና ውስጥ ያሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት መስመር ካን ይባላል፤ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1986 ያስተዋወቀው ነው። ብዙ ሰው የተቀመጠበት ጨለማ ክፍል አስቡ። አንዱ «ፍጥነቱ 80 ነው» ብሎ ይጮሃል፣ ሌሎቹ ሰምተው ሥራቸውን ይሠራሉ። ማን ነው የጮኸው? መልእክቱ ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ማን እንደላከው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። በ1986 ይህ ነውር አልነበረም። መኪናው የተዘጋ ሳጥን ነበርና ከውጭ ገብቶ የሚጮህ አልነበረም። ወቀሳዬ ኋላ ላይ ሲም ካርድ ያለበትን መሣሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ አምጥተው ባስቀመጡት ላይ ነው።

«ታዲያ አሁን ማረጋገጫ ቢጨመርበትስ?» ትሉ ይሆናል። እስቲ እንሞክረው። አንድ የካን መልእክት ቢበዛ 8 ባይት ዳታ ነው የሚይዘው። «የላክሁት እኔ ነኝ» የሚለው የምስጠራ ማረጋገጫ ደግሞ በተለምዶ እስከ 16 ባይት ይደርሳል። ማኅተሙ ከደብዳቤው በለጠ ማለት ነው! ወይ ማኅተሙን ቆርጦ ማሳጠር፣ ወይ 64 ባይት ወደሚይዘው አዲሱ ካን ኤፍዲ መዞር ይኖርብናል። መዞር ማለት ደግሞ ቺፕ መቀየርና ሙከራውን እንደገና መጀመር ነው። የምስጠራ ቁልፉንም የሚደብቅበት ቦታ የሌለው ቺፕ በሶፍትዌር አፕዴት ቦታ አያገኝም። በንድፍ ወቅት በስብሰባ የሚያልቅ ጉዳይ፣ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሌላ ታሪክ ይሆናል። አምራቹ ፊያት ክራይስለር ለ1.4 ሚሊዮን መኪኖች ጥሪ አድርጎ ፍላሽ በፖስታ ልኳል። ፍላሹ የኢንተርኔቱን በር ዘጋ፤ ካን ግን ያው ካን ነው። በዓመቱ እነዚያው ተመራማሪዎች ላፕቶፕ በገመድ አገናኝተው የጂፑን መሪ አዞሩት።

ከዚያ ወዲህ ሕግ መጥቷል። አር 155 የተባለው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ለሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ነው። ጥርስም አለው፦ የቤንዚኑ ፖርሸ ማካን በዚህ ደንብ ምክንያት ከኅብረቱ ገበያ ወጥቷል። አይኤስኦ/ኤስኤኢ 21434 የተባለው የ2021 ስታንዳርድ ደግሞ የስጋት ትንተና ከመነሻ ሐሳቡ ጀምሮ ይሠራ ይላል፣ የትኛውን ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ ግን አይልም። ቴክኖሎጂ ስለሚለዋወጥ ትክክል ነው። ግን እዚህ ላይ አንድ ቀዳዳ ይታየኛል። ሽቦው ከተዘረጋ በኋላም ሰንጠረዡን አሳምሮ መሙላት ይቻላል። እኔው ራሴ አድርጌዋለሁ! ተማሪ ሳለሁ በአንድ ፕሮጀክት ላይ የስጋት ሰንጠረዡን የሞላነው ቦርዱ ታትሞ ከመጣ በኋላ ነበር። ሁሉም አደጋ «ዝቅተኛ» ሆኖ ተገኘ። ምን ይገርማል፣ «ከፍተኛ» ብንል ቦርዱን ልንጥለው ነው እኮ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የደንቡ ወሰን ነው። ያ ማካን አውሮፓ ውስጥ ቢቆምም ለሌሎች ገበያዎች መመረቱ ቀጥሎ ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ሞዴሎች አሉባቸው። መኪናው እዚህ 15 ዓመት ቢሠራ፣ በ10ኛው ዓመት የሚገኘውን ክፍተት ማን ይደፍናል? ንድፉ ሲጀመር መጠየቅ ካለባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

በቅርቡ የተሳፈርኩበት ታክሲ እንዲህ ያለ ነበር፤ ስክሪኑ በሙሉ ቻይንኛ። አንድ መልእክት ብቅ ሲል ሾፌሩ አጠፋው። «አፕዴት ይሆን እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ወንድሜ! ነክቼው ቢዘጋብኝስ?»