ጋላጋ፦ ስለ ምርኮኛዋ መርከብና ስለ ጨዋታ ተሻጋሪነት የቀረበ ሒስ

መግቢያ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጋላጋ የተባለውን የጠፈር ውጊያ ጨዋታ መርምሮ፣ ከተወለደበት መኪና ወጥቶ ወደ ፊልምና ወደ ሌሎች ጨዋታዎች ሲሻገር ምን ይዞ እንደ ሄደና ምን ጥሎ እንደ ሄደ ማሳየት ነው። ከዚያም በዚሁ መመዘኛ የአገራችንን ሥራዎች በጥቂቱ ለመመልከት እሞክራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዳንድ አንባብያን «የልጆች መጫወቻ እንዴት የሒስ ርእስ ሊሆን ይችላል?» ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ስለ ገበጣ ሰፊ ጥናት ባወጡ ጊዜ፣ መሬት ላይ የተቆፈሩ ጥቂት ጉድጓዶችና አንድ እፍኝ ጠጠር ለምርመራ እንደሚበቁ አሳይተዋል። ጠጠሩ ለጥናት ከበቃ፣ በመስታወት ላይ የሚበርረው ንብ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤል ከተማ ነው። ጋላጋንም ያወቅሁት እዚያው በጎረቤት ቤት፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠም ርካሽ የጨዋታ ሣጥን ነው። በአንድ ካሴት ውስጥ ብዙ ጨዋታዎች ታጭቀው ነበርና ስሙን ለይተን አናውቀውም፤ «የንቧ ጨዋታ» እንለው ነበር። አንድ ቀን የቤቱ ታላቅ ልጅ መርከቡን ሆን ብሎ ወደ ጠላት ጨረር ሲነዳት፣ ታናሹ «ጋሼ፣ ምነው አስበላሃት!» ብሎ ጮኸ። ታላቁም ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል «ቆይ፣ ትመለሳለች» አለው። በእርግጥም ተመለሰች። የዚህ ጨዋታ ምሥጢር በሙሉ በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የጨዋታው ትውልድ

ጋላጋ ከባዶ የተነሣ ሥራ አይደለም። በ1962 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ስቲቭ ረስልና ጓደኞቹ ፒ.ዲ.ፒ. 1 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ «ስፔስዋር» የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። በዚያ ጨዋታ ሁለት መርከቦች በአንድ ኮከብ ስበት ዙሪያ እየተሽከረከሩ ይታኮሳሉ። በ1978 ደግሞ ጃፓናዊው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን አበረከተ። እዚያ 55 ጠላቶች በ5 ተርታ ተሰልፈው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሱ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። ቁጥራቸው ሲቀንስ ፍጥነታቸው ይጨምራል፤ ይህም የሆነው መኪናው የሚሥላቸው ጠላቶች ባነሱ መጠን ሥራው ስለሚቀልለት ነው። የመኪናው ጠባይ የጨዋታው ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ናምኮ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ በ1979 «ጋላክሲያን»ን ሲያወጣ ጠላቶቹን በልዩ ልዩ ቀለም አስጌጠ፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ከሰልፍ እየተነጠሉ እንደ ጭልፊት እንዲወርዱ አደረገ። በ1981 የዚሁ ተከታይ ሆኖ የወጣው፣ ሽጌሩ ዮኮያማ የነደፈው ጋላጋ ነው። እንግዲህ ጋላጋ ከቀደሙት ሰልፉን፣ መተኮሱንና መውረዱን ወርሷል። የጨመረው አዲስ ነገር ግን አንድ ሕግ ነው፤ ይኸውም ምርኮ ነው።

የምርኮው ሕግ

በአንድ ደረጃ ላይ 40 ጠላቶች ከማያው ዳርና ዳር እየተጠማዘዙ ገብተው ይሰለፋሉ። 20ዎቹ ንብ፣ 16ቱ ቢራቢሮ ይመስላሉ፤ 4ቱ ከላይ የሚሰለፉት አለቆች ናቸው። አለቃው በአንድ ጥይት አይሞትም፤ መጀመሪያ ሲመታ ቀለሙን ይለውጣል፣ በሁለተኛው ይወድቃል። አንዳንድ ጊዜ ይህ አለቃ ብቻውን ይወርድና ከተጫዋቹ በላይ ቆሞ የብርሃን ጨረር ይለቅቃል። ጨረሩ መርከቧን ካገኛት እያሽከረከረ ወደ ላይ ይስባታል። መርከቧም ቀይ ሆና ከጠላት ሰልፍ ትገባለች። ተጫዋቹ ሌላ መርከብ በተጠባባቂነት ካለው በርሷ ይቀጥላል፤ የተማረከችው የመጨረሻዋ ከሆነች ግን ጨዋታው በዚያው ያበቃል።

የማስመለሱ ሕግ ደግሞ ጥብቅ ነው። አለቃው ምርኮኛዋን አስከትሎ ሲወርድ ተጫዋቹ እርሱን ብቻ መትቶ ከጣለ፣ መርከቧ ተለቅቃ ከተጫዋቹ ጎን ትቆማለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ይተኩሳሉ። አለቃው በሰልፍ ቆሞ ሳለ ከተመታ ግን ምርኮኛዋ በዚያን ጊዜ አትለቀቅም። እጁ ስቶ ምርኮኛዋን ራሷን ከመታት ደግሞ ፈጽማ ትጠፋለች። ለዚህም ስሕተት ጨዋታው ነጥብ ይሰጠዋል! የራስን ወገን ገድሎ ዋጋ መቀበል እንደሚቻል የሚያሳይ እንዲህ ያለ ጨካኝ ቀልድ በሌላ ቦታ ብዙ አላየሁም።

ይህ ሕግ ብቻውን የቆመ አይደለም፤ የጨዋታው ሌሎች ክፍሎች ሁሉ ያግዙታል። አለቃው በሰልፍ ሳለ ቢመታ 150 ነጥብ፣ ብቻውን ሲወርድ ቢመታ 400፣ ሁለት አጃቢዎች አስከትሎ ሲወርድ ቢመታ 1600 ነጥብ ያስገኛል። አደጋው በቀረበ መጠን ዋጋው ይወደዳል ማለት ነው። እንዲሁም መንታ የሆነችው መርከብ ኃይሏ እጥፍ ቢሆንም ስፋቷም እጥፍ ስለሆነ በጠላት ጥይት በቀላሉ ትመታለች። በመጨረሻም ጨዋታው ሲያበቃ፣ ስንት ጥይት እንደ ተተኮሰና ስንቱ እንደ ተመታ ቆጥሮ ሒሳቡን በመቶኛ ያቀርባል። ዝም ብሎ የተኮሰ ሰው ነጥብ ቢኖረውም ያፍራል።

ነቀፌታም አይጠፋም። ጨዋታው መደምደሚያ የለውም፤ ደረጃው እየተቈጠረ ይቀጥላል እንጂ ወደ አንድ ፍጻሜ አይደርስም። በመኪናው ፕሮግራም ውስጥም የታወቀ ጉድለት አለ። በመጀመሪያው ደረጃ ጥቂት ንቦች ሳይገደሉ ብዙ ደቂቃ ከቆዩ፣ ጠላቶቹ ከዚያ በኋላ መተኮስ ያቆማሉ። ይህን ያወቀ ሰው ያለ አደጋ ሊጫወት ይችላል፤ አደጋው ከቀረ ግን ጨዋታው ባዶ ይሆናል። ጉድለቱ ሳይቀር የሚመሰክረው የጋላጋ ውበት በጥይቱ ብዛት ሳይሆን በአደጋውና በዋጋው ሚዛን ላይ የተመሠረተ መሆኑን ነው።

ስለ መሻገሩ

ጋላጋ ከራሱ ሣጥን ወጥቶ በብዙ ሥራዎች ውስጥ ታይቷል። ስመረምረው መሻገሩን በሦስት ዓይነት ከፍዬ አገኘዋለሁ።

የመጀመሪያው በስም መሻገር ነው። በ2012 በወጣው «ዘ አቬንጀርስ» ፊልም፣ በጦር መርከቡ ውስጥ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ሥራውን ትቶ ጋላጋ ሲጫወት ይያዛል። ተመልካቹ ይሥቃል፣ ነገሩም በዚያ ያበቃል። በጋላጋ ፋንታ የሌላ ጨዋታ ስም ቢጠራም ቀልዱ ብዙ አይጎዳም።

ሁለተኛው በመልክ መሻገር ነው። በ1983 በወጣው «ዋር ጌምስ» ፊልም ዋናው ባለ ታሪክ በመጀመሪያ የሚታየው ጋላጋ ሲጫወት ነው፤ ኋላም ይኸው ልጅ ጨዋታ መስሎት ከጦር ኃይል ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ዓለምን ወደ ኑክሌር ጦርነት አፋፍ ያደርሳታል። እዚህ የጨዋታው መልክ ለታሪኩ ትርጉም ጨምሯልና ከመጀመሪያው ይሻላል። በ1995 ናምኮ «ተከን»ን በፕሌይስቴሽን ሲያወጣም፣ ዋናው ጨዋታ ከዲስኩ እስኪነሣ ድረስ ተጫዋቹ ጋላጋን እየተኮሰ እንዲቆይ አድርጎ ነበር። ይህ አሮጌውን ጨዋታ የአዲሱ ደጅ ጠባቂ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው በሕግ መሻገር ነው። በ2014 በወጣው የኒንቴንዶ «ሱፐር ስማሽ ብሮስ» ውስጥ የጋላጋው አለቃ እንደ መሣሪያ ሆኖ ገብቷል፤ ተጋጣሚን በጨረሩ ይዞ ወደ ላይ ከሜዳው ያወጣዋል። ማንም የጠፈር ጨዋታ በሌለበት ሜዳ ላይ ጋላጋ በሥራው ታወቀ። ነገር ግን እዚህም የተሻገረው ግማሹ ብቻ ነው፤ ምርኮው ተሻገረ፣ ምርኮኛን አስመልሶ መንታ መሆን ግን ቀረ። የራሱ ልጅ እንኳ ሕጉን አላልቷል። በ1987 የወጣው «ጋላጋ 88» ተጫዋቹ ከፈለገ ገና ከመጀመሪያው በመንታ መርከብ እንዲጀምር ይፈቅድለታል። ያለ ምርኮ የተገኘ መንታነት ግን ያለ ድካም እንደ ተወረሰ ርስት ነው፤ ዋጋውን ማን ያውቀዋል?

የጎጃም ተማሪዎች ይህን በቀላሉ የሚረዱበት መመዘኛ አለን። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያያል። የጋላጋ ንብና ቢራቢሮ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ሰጥቶ የማስመለስ ሕጉ ነው። ከላይ ያየናቸው አብዛኞቹ ሥራዎች ሰሙን ይዘው ወርቁን ትተው ተሻግረዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በአገራችንም የእጅ ስልክ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች ተነሥተዋል። ከነዚህ መካከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ ይጠቀሳል። «ኩኩሉ» በተባለው ሥራቸው አንዲት ዶሮ ሊይዛት ከሚያሳድዳት ሰው ትሸሻለች፤ ተጫዋቹም መሰናክሉን እያሳለፈ ያስሮጣታል። ስሙም ዶሮዋም የኛ ናቸው፤ አይቶ ፈገግ የማይል ኢትዮጵያዊ የለም። ሕጉ ግን በዓለም ሁሉ የታወቀው የሩጫ ጨዋታ ሕግ ነው። በዚህ ብቻ ልንነቅፈው አይገባም፤ ጋላጋም ከጋላክሲያን ወርሷልና። መጠየቅ ያለበት «በተወረሰው ላይ ምን ሕግ ተጨመረ?» የሚለው ነው። በልጅነታችን በድብብቆሽ «ኩኩሉ» ስንል የሚሸሸግና የሚፈልግ፣ የሚጠየቅና የሚመልስ ነበረ። ያ ሕግ በስልኩ ላይ ቢገባ ኖሮ ሥራው ከስም አልፎ በሕግም የኛ በሆነ ነበር እላለሁ።

ይኸው ድርጅት «ገበጣ»ንም ለስልክ አዘጋጅቷል። በኔ አስተያየት ይህ ከበፊቱ የበለጠ ሥራ ነው፤ የተሻገረው የጨዋታው ሕግ፣ ማለት ጠጠርን አንሥቶ መዝራትና መብላት ነውና። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ይነሣል። ገበጣ እንደ ጋላጋ በአንድ ሰው የተነደፈ አይደለም። በሁለት ተርታም በሦስት ተርታም ይጫወቱታል፤ የጠጠሩ ብዛት፣ የዘሩ አካሄድና የአበላሉ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። የፓንክረስት ጥናትም በሰፊው ያሳየው ይህንኑ ልዩነት ነው። ኮምፒዩተር ግን «በኛ መንደር እንዲህ ነው» የሚል ክርክር አይቀበልም፤ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ከብዙዎቹ ሕጎች መካከል አንዱን ወይም ጥቂቱን መምረጥ ግድ ይለዋል። ያልተመረጠውና ያልተጻፈው የት ይሄዳል? በስልክ ገበጣ የለመደ ልጅ አያቱ የሚያውቁትን ሕግ «ስሕተት ነው» የሚልበት ጊዜ ሩቅ አይመስለኝም። ጥፋቱ የሠሪዎቹ አይደለም። ሕጉን መዝግበን ያልሰጠናቸው እኛ ነን።

መደምደሚያ

ባጭሩ ለማጠቃለል፣ ጋላጋ ከ40 ዓመት በላይ የኖረው ንቦቹ ስላማሩ ብቻ አይደለም። አንድ መርከብ ሰጥቶ ሁለት የማግኘት፣ ካልሆነም ሁለቱንም የማጣት ግልጽ ሕግ ስላለው ነው። ከተሻገረባቸው ሥራዎች መካከልም የተሻለው ከዚህ ሕግ ጥቂት እንኳ ይዞ የሄደው ነው።

ከዚህ የተነሣ ለጓደኞቼ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በክረምት ዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ እያንዳንዳችን ከአንድ አረጋዊ ወይም ከአንዲት አሮጊት ዘንድ ተቀምጠን አንድ ገበጣ እንጫወት። ጉድጓዱ ስንት እንደ ሆነ፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንደሚገባ፣ ዘሩ ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላና ማን እንዳሸነፈ በምን እንደሚታወቅ እንጻፍ። የቦታውንም ስም አንርሳ። እኔ በአማኑኤልና በዙሪያዋ ያለውን ለመመዝገብ ቃል እገባለሁ። ያ የጎረቤቴ ልጅ «ትመለሳለች» ብሎ ሊያምን የቻለው በእጁ ሌላ መርከብ ቀርቶት ስለ ነበረ ነው። የገበጣውም ሕግ የሚመለሰው ሕጉን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ነው።